ምራቂው በእጅ ነው

እናቴ በዕድሜዋ ሙሉ አንድ ቀን ብቻ ክፍል ገብታለች። ያስገባኋት እኔ ነኝ። ያን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር የምናደድበት ሰው አላጣም፤ መጀመሪያ መምህሬ ላይ፣ ቀጥሎ የክፍል ጓደኞቼ ላይ እናደዳለሁ፤ ዞሮ ዞሮ ግን ራሴው ላይ አርፋለሁ።

ያኔ የኦኩፔሽናል ቴራፒ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ይህን ስም መርካቶ ውስጥ ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያደክም አትጠይቁኝ። «ሐኪም ነሽ?» ይሉኛል፤ አይደለሁም። «ነርስ ነሽ?» አይደለሁም። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ስትማሪ ነበር?» የታመመ ወይም የተጎዳ ሰው የዕለት ሥራውን፣ መብላቱን፣ መልበሱን፣ መነገዱን መልሶ እንዲሠራ ማገዝ ነው፤ እጁ አልታዘዝ ካለውም የሚያግዘውን መሣሪያ ማበጀት ነው እላለሁ። የበርበሬ በረንዳ ሴቶች ይህን ሰምተው እርስ በርስ ተያዩ። «ይሄማ የወለዱት ልጅ ሥራ ነው» አለችኝ አንዷ።

መምህሬ የማጠናቀቂያ ጥናቴም አማካሪ ነበረች። ደህና ሰው ናት፣ ክፋት የለባትም። የሚያናድደኝም ይሄው ነው፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ ጥፋቱን ሁሉ እሷ ላይ ጭኜ እገላገል ነበር። «ከቤተሰባችሁ የእጅ መገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው ካለ ለልምምድ አምጡልን» ስትል ከሁሉ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እውነቱን ልናገር ከተባለ፣ እንደ እናቴ የተበላሸ እጅ ማንም እንደማያመጣ አውቅ ነበርና ኮርቼበታለሁ።

ሰፈሩ ቁርጥማት ይለዋል፤ ትምህርት ቤት ሌላ ረጅም ስም አለው። የእናቴ ጣቶች ከሥራቸው አብጠው ሁሉም ወደ ትንሿ ጣት አዘንብለዋል፤ አውራ ጣቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ ቀርቷል። ሰው ፊት እጇን አታወጣም። ስትቀመጥ ነጠላዋ ሥር ትከተዋለች፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው ሲጨብጣት የምትሰጠው አንጓዋን ነው። እኔ ነጠላዋን አስወልቄ፣ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት፣ ሁለቱን እጆቿን ጠረጴዛ ላይ አስዘርግቼ አስቀመጥኳት።

መመዘኛው ከውጭ የመጣ ቅጽ ነው። «በሹካና በቢላዋ ይመገባሉ?» ይላል። መምህሬ ተርጉማ አነበበችላት።

«ለምን ብዬ?» አለች እናቴ።

ተማሪው ሳቀ። ቀጥሎ የወንድ ሸሚዝ አምጥተው ቁልፉን ይቆልፉ አሏት። ከዚያ ባቄላ መጣ፤ ከሳህን ወደ ኩባያ አንድ በአንድ እያነሱ መክተት ነው፣ ጊዜው በሰዓት ይያዛል። እናቴ የመጀመሪያዋን ፍሬ እንደምንም በሁለት እጇ አንስታ ወደ ዓይኗ አስጠጋቻትና፣ «ይሄ ባቄላ እኮ ነቅዟል። ማነው የሸጠላችሁ? አታሏችኋል» አለች። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ሳቅሁ። መምህሬ ፈገግ እንዳለች ሰዓቷን አየችና ቅጹ ላይ «አልቻሉም» ብላ ጻፈች። ባቄላው የምር ነቅዞ ነበር፤ እሱን የሚጽፉበት ቦታ ግን ቅጹ ላይ የለም።

በሚኒባስ ተመለስን። አውቶቡስ ተራ ስንወርድ ነው፣ «የወንድ ሸሚዝ ለመጨረሻ ጊዜ የቆለፍኩት አባትሽን ሆስፒታል ስወስደው ነው። ከዚያ ወዲህ ለማን እቆልፋለሁ?» ያለችኝ። መልስ ሳጣ የምቆጣ ሰው ነኝ። «ለትምህርቴ ነው እኮ!» ብዬ መንገድ መሃል ጮኽኩባት። ነጠላዋን አስተካክላ እጇን ሸሸገችና ወደ መደቧ ሄደች።

መደቧ በርበሬ በረንዳ ጥግ፣ ቀለሙ የተላጠ ምሰሶ ሥር ነው። በግራ ድንበሩ ምሰሶው ነው፤ በቀኝ ድንበሩ መሬት ውስጥ የተቀበረ አንድ ጥቁር ድንጋይ ነው። ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድና በሶብላ ትሸጣለች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት የኮረሪማ ጆንያ ተደግፌ ነው፤ እያስነጠሰኝ ነው ያደግኩት። ትምህርት ቤት ስሄድ ልጆች «ሚጥሚጣ ሸተትሽ» እያሉ ከአጠገቤ ይነሱ ነበር፤ እኔም ያን መደብ የማልሸትበትን ቀን ስቆጥር ነው የኖርኩት።

እጇ ከተበላሸ በኋላም እናቴ መሸጧን አላቆመችም። ዘዴ ነበራት። ደንበኞቿ ስኒውን ራሳቸው አንስተው ይሰፍራሉ፣ ወረቀቱንም ራሳቸው ይጠቀልላሉ፤ እሷ በዓይኗ ትከታተላለች፣ አብልጦ የሰፈረ ካለ በምላሷ ትገርፈዋለች። ስፍሩ ሲያልቅ «እትዬ፣ ይመርቁልኝ» ይሏታል። ያኔ ሁለቱን እጆቿን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ፣ ጎን ለጎን አጋጥማ፣ ጆንያው ውስጥ ትከታቸውና የመጣላትን ያህል ዘግና ትጨምርላቸዋለች። ከፊሉ በጣቶቿ መሃል ይፈሳል። ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። ስፍር ገዢውም ሊሰፍረው ይችላል፤ ምራቂ ግን የሻጩ ነው፤ ልክ የለውም፣ በባዶ እጅ ነው የሚዘገነው። ሰው እጇን የሚያየው በዚያች ቅጽበት ብቻ ነበር፤ እሷም በዚያች ቅጽበት አታፍርበትም።

ከድንጋዩ ወዲያ የምትቀመጠው ጎረቤቷ ያንኑ ቅመም ትሸጣለች። ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዷ ለመስቀል አገር ቤት ስትወርድ ሌላዋ መደቧን ትጠብቅላታለች፤ ሲጣሉ እኔ እንዳልሰማ በጉራጊኛ ይሰዳደባሉ። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ የሚባለው ለእነሱ ነው። ያን ዓመት ግን ነገሩ ከረረ። ወረዳው ነጋዴውን ሰብስቦ፣ ስለ ልማት ግማሽ ቀን ካስጨበጨበ በኋላ፣ የበረንዳው መደብ ሁሉ በሜትር ተለክቶ ይመዘገባል አለ። አሮጌው በረንዳ ፈርሶ ሕንፃ ሲሠራ ቦታ የሚደርሰው በልኬቱ ቀን መደቡ ላይ ዕቃውን ዘርግቶ ለተገኘ ነው። ባዶ መሬት የማንም አይደለም ማለት ነው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የጎረቤቷ ጆንያ ድንጋዩን መላመድ ጀመረ። አንድ ጠዋት ጠርዙ ይነካዋል፣ በሌላው ጠዋት ይጋልበዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይሄ ነው።

እናቴ ማድረግ ያለባት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እስከ ልኬቱ ቀን ድረስ መደቧን በዕቃ ሞልታ መቀመጥ። ደንበኛ እስካላት ድረስ ይሄ አይከብዳትም፤ የሸጠችውን በሸጠችበት ገንዘብ ትተካለች። ደህና ተቀምጣ ነበር። እኔ ነኝ የመጣሁባት፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

የማጠናቀቂያ ጥናቴ በአንድ ሰው ላይ የሚሠራ ነበር። ለሰውየው መሣሪያ አበጅቶ፣ በእውነተኛ ሥራው ላይ ለስምንት ሳምንት አስጠቅሞ፣ ለውጡን መዝግቦ ማቅረብ። «በእውነተኛ ሥራ» የሚለውን መምህሬ ሦስት ጊዜ አስምራበታለች። እናቴ አለችልኝ፣ ሥራዋም አለ፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

በትምህርታችን መጀመሪያ የሚደረገው ሥራውን መቆራረጥ ነው። ደብተሬን ይዤ ሁለት ቀን አጠገቧ ተቀመጥኩና የቅመም መሸጥን ሥራ እንደ ሥጋ ገነጣጥዬ ጻፍኩት፤ የጆንያውን አፍ መክፈት፣ ስኒ ማንሳት፣ መዝገን፣ ማስተካከል፣ ወረቀቱ ላይ መገልበጥ፣ መጠቅለል፣ ማቀበል። የትኛው እንደሚያማት፣ የትኛውን ገዢው እንደሚሠራላት ሁሉ በየመስመሩ ሞላሁ። መምህሬ አይታ «እንዲህ ያለ ትንተና ከተማሪ አይቼ አላውቅም» አለችኝ። ለዚህ ሙገሳ ስል የሰው መንገድ ሁሉ እጠርግ ነበር።

ምራቂን አልጻፍኩትም። ከሌላ አገር የመጣ ተመራማሪ ቢሆን «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ብሎ ይጽፈው ነበር። እኔ እዚያ ጆንያ ላይ ስላደግኩ አላየሁትም። ሁለት ቀን ሙሉ እናቴ እጇን አውጥታ ስትመርቅ ደብተሬ ላይ አቀርቅሬ «ማቀበል» የሚለውን እያስተካከልኩ ነበር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኔ ተምሬም ጠምጥሜም ነው የሳትኩት።

መሣሪያው እንዲህ ነበር። በሙቅ ውሃ የሚለሰልስ ፕላስቲክ ከትምህርት ቤት ወሰድኩ። እሱን ከቀኝ ክንዷ እስከ መዳፏ አልብሼ ቅርጹን አስያዝኩት፤ ጫፉ ላይ ልክ እንደ ስኒዋ የሚሰፍር ኩባያ አሰርኩበት። ከዱባይ ተራ ተለጣፊ ማሰሪያ ገዝቼ በሦስት ቦታ አጠበቅሁት። ጣት አያስፈልገውም፤ ክንዷን ስታንቀሳቅስ ይዘግናል፣ ዘንበል ስታደርገው ይገለብጣል። የኩባያው ከንፈር ዝርግ ስለሆነ ትርፉ ራሱ ይወርዳል፣ ልኩ ይቀራል። ሠራ። ይሄን አልክድም። በመጀመሪያው ቀን ማንንም «ራስህ ስፈር» ሳትል ዋለች። ማታ «ክንዴን እንኳ አላመመኝም» አለችኝ፤ እኔም ያን ቃል እንዳለ መዝገቤ ላይ ገለበጥኩት።

መዝገቡ ላይ አንድ ሕግ ጽፌ ነበር፤ ተጠቃሚዋ በሥራ ሰዓት ሙሉ መሣሪያውን ታጥቃ ትውላለች። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አላዘዘኝም። ውጤቱ እንዲያምር ነው።

በሁለተኛው ቀን አንዲት የቆየች ደንበኛዋ መጥታ ሚጥሚጣ አሰፈረችና «ይመርቁልኝ እንጂ እትዬ» አለቻት። እናቴ ነጠላዋ ሥር ያለውን ግራ እጇን አነቃነቀች፤ በግራ ደግሞ ማን ይመርቃል? ቀኟን አየችው፤ ጫፉ ላይ ያለው ኩባያ ነው። በኩባያው ትንሽ ቆንጥራ ወረቀቱ ላይ አራገፈችላት። ሴትዮዋ ወረቀቱን ዘርግታ እንደያዘች ቀረች።

«ይሄማ ስፍር ነው» አለች። «ምራቂው የታል?»

«ሰጠሁሽ እኮ።»

«በጣሳ ይመረቃል እንዴ? ምን በደልኩዎት?»

እናቴ እንደገና በኩባያው ጨመረችላት። መጠኑ በእጇ ከምትሰጠው ይበልጥ ነበር፤ አጠገቧ ስለነበርኩ አይቻለሁ። ሴትዮዋ ግን ጠቅልላ ስትሄድ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ከድንጋዩ ወዲያ ስትገዛ አየኋት። የእናቴ ጎረቤት ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጣትም። ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ኑ ወደዚህ! እኛ ዘንድ ምራቂው በእጅ ነው!» እያለች መጣራት ጀመረች። ሰው ይስቃል፣ ይሄዳል፣ ከእሷ ይገዛል።

ደንበኛ ሲቀንስ የእናቴ ጆንያዎች መውረድ ጀመሩ። አልሸጠችም፣ አልተካችም። አራት የነበሩት ሦስት ሆኑ፤ አራተኛው የነበረበት መሬት ላይ የጎረቤቷ በሶብላ ተገኘ። እኔ በየቀኑ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እመዘግባለሁ፤ በትክክል የዘገነችበት፣ ሳይፈስ የገለበጠችበት፣ ያላመማት። ደብተሬ ላይ ሁሉም ነገር እየተሻሻለ ነበር። ገዢው ሲያንስ የሚፈሰው ያንሳል፣ የሚፈሰው ሲያንስ የእኔ ውጤት ያምራል። ይሄ አልገባኝም ብዬ ብምል ዓይኔን ግንባር ያድርገው፤ ገብቶኛል፣ ግን ማወቅ አልፈለግሁም።

በአምስተኛው ሳምንት እናቴ ለመነችኝ። ልጅዋን ለምና የማታውቅ ሴት ናት።

«ስፍሩን በጭልፋሽ ልስፈር» አለች፤ መሣሪያውን ጭልፋ ነው የምትለው። «ምራቂውን ግን አውልቄ በእጄ ላድርገው።»

«አይሆንም። ሙሉ ቀን ታጥቃለች ብዬ ጽፌያለሁ።»

«ጽፈሻላ።»

«ደግሞ በየደንበኛው ስትፈቺና ስታስሪ ትውያለሽ? ማሰሪያውን በጥርስሽ ካልሆነ መፍታት አትችይም። ሦስት ሳምንት ነው የቀረው እማዬ።»

«ልኬቱ ቢቀድምስ?»

«አይቀድምም።»

ከየት አውቄ ነው አይቀድምም ያልኳት? ወረዳው ቀኑን ለእኔ አልነገረኝም። እናቴ ግን የተማረችው ልጄ ካለች ነው ብላ ዝም አለች። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያቃጥለኝ ይሄ ዝምታዋ ነው፤ ብትሰድበኝ፣ ጭልፋውን ፊቴ ላይ ብትወረውረው ዛሬ ይቀለኝ ነበር።

እሷን መቆጣት ሲያቅተኝ ጎረቤቷ ላይ ሄድኩ። ጠዋት ስደርስ ጆንያዋ ድንጋዩን ጨርሶ ውጦታል።

«እትዬ፣ ጆንያዎትን ከድንጋዩ ይመልሱ» አልኳት።

«የቱ ድንጋይ?»

«ሃያ ዓመት የሚያውቁት ድንጋይ።»

«አንቺ ዶክተሯ፣ እኔን ከምትመልሺ የእናትሽን ጆንያ ሙይላት። ባዶ መሬት ነው፣ ዕቃዬን አሳረፍኩበት። ምን ይጠበስ?»

«ደንበኛዋን የቀሙት እርስዎ ነዎት!»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እናቴ እንዳትሰማ ይመስለኛል፣ «እኔ አልቀማኋትም። እጇን ደበቅሽባት እኮ» አለችኝ። «ያቺ ሴትዮ በዚያች በተጣመመች እጇ ስትመርቅ ሰው ሌላ ቦታ መግዛት ያፍር ነበር። እኔ ሃያ ዓመት ስቀናባት የኖርኩት በዚያች እጇ ነው። አንቺ መጥተሽ ጭልፋ አሰርሽበት፤ ታዲያ እኔ ምን ላድርግ፣ ላልቅስልሽ?»

በጥፊ ልላት አማረኝ። ጠላት እውነት ሲናገር እንደሚያናድደው ጓደኛ ሲዋሽ አያናድድም። ጆንያዋን በእግሬ ገፋሁት፤ ንቅንቅ አላለም። አንድ ተሸካሚ ቆሞ ሲያየኝ ነበር፤ «እህቴ፣ እሱ በእግር አይሄድም» ብሎኝ አለፈ።

በስምንተኛው ሳምንት መጨረሻ መምህሬ ለማጠቃለያ ጉብኝት መጣች። ቅጽ ይዛለች፣ ካሜራ ይዛለች። ከዚያ ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ ሁሉንም ይወስናል፤ ተጠቃሚው መሣሪያውን በሥራው ላይ ይጠቀምበታል ወይስ ትቶታል? ትቶታል ከተባለ ጥናቱ ወደቀ፣ ሌላ ሰው ፈልጌ እንደገና ልጀምር ነው፣ አንድ ዓመት ልቆይ ነው። ይህን ለእናቴ ጠዋት ነግሬያታለሁ። ጭልፋውን አስሬላት፣ የቀሩትን ሁለት ጆንያዎች ሰፋ ሰፋ አድርጌ አስቀምጬ፣ መደቡ ሙሉ እንዲመስል አድርጌያለሁ።

እናቴ ሰፈረች፣ አስተካከለች፣ ገለበጠች። አንዲት ቅንጣት አልፈሰሰችም። መምህሬ በደስታ ፊቷ በራ፤ «በጣም ግሩም ነው እማማ! እንግዲያውስ እኔም ለቤቴ ሚጥሚጣ ልግዛ» አለች። እናቴ ሰፍራ ወረቀቱ ላይ ገለበጠችላት። መምህሬ ወረቀቱን እንደዘረጋች፣ ሳታስበው፣ እናቷ ጋር ገበያ ስትሄድ እንዳደገች ሁሉ፣ «ይመርቁልኝ እንጂ እማማ» አለቻት።

እናቴ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ከድንጋዩ ወዲያ ጎረቤቷ መጣራቷን አቆመች። እኔ ራሴን ነቀነቅሁ፤ አይሆንም ማለቴ ነው። እናቴ ግን ክንዷን ወደ አፏ አነሳችና አንደኛውን ማሰሪያ በጥርሷ ሳበችው፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ጭልፋው ጉልበቷ ላይ ወደቀ። ስምንት ሳምንት ፕላስቲክ ውስጥ ያላበው እጇ ነጥቶ፣ ቆዳው በየጣቱ ሥር ተሰነጣጥቆ ነበር። ሁለቱን እጆቿን አጋጥማ ሚጥሚጣው ውስጥ ከተተቻቸው፣ ዘገነች፣ የመምህሬ ወረቀት ላይ አራገፈችው። ግማሹ መሬት ላይ ፈሰሰ።

«ኧረ በቃኝ፣ በቃኝ እማማ! እግዜር ይስጥልኝ» አለች መምህሬ፤ ምራቂ ሲበዛ የሚባለውን ነው ያለችው። ከዚያ ቅጿን አየች። ጭልፋውን አየች። እስክሪብቶዋን ይዛ ወደ እኔ ዞረች።

«በሥራ መሃል አወለቁት» አለች በቀስታ። «ምን ልጻፍ?»

ደህና ሰው ናት ብያለሁ። መጠየቅ አልነበረባትም፤ ጠየቀችኝ። ለእኔ ተወችው። በዚያች ደቂቃ «አወለቀችው፣ ምክንያቱም እኔ ሥራዋን አላየሁትም» ብል ያ ቃል ጥናቴ ውስጥ ካለ ከማንኛውም ገጽ የተሻለ ይሆን እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ፤ ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ። ያኔ የታየኝ ግን አንድ ዓመት እንደገና እዚህ ጆንያ ሥር መቀመጥ ብቻ ነው።

«ላሳይዎት ብላ ነው ያወለቀችው» አልኩ። «ትጠቀምበታለች። እማዬ፣ እንደገና አድርጊው፤ ለፎቶው።»

ጭልፋውን ከጉልበቷ አነሳሁና ራሴ አለበስኳት። እጇ ላይ ሚጥሚጣው እንዳለ ነው። በየስንጥቁ የገባውን ዓይኔ እያየ፣ አላራገፍኩላትም፣ በውሃ አላጠብኩላትም፣ ማሰሪያውን አንድ በአንድ አጠበቅሁት። ሦስተኛውን ስስበው ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ዘገነች፣ ቀና አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ መምህሬ ካሜራዋን አነሳች።

ወረዳው በዚያው ሳምንት መጣ። ሜትር የያዙ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ከምሰሶው እስከ ጎረቤቷ ጆንያ ለኩና ይሄ ለአንድ ሰው መደብ አይበቃም አሉ፤ ለጎረቤቷ ደርበው መዘገቡት። እናቴ ድንጋዩን አሳየቻቸው። አንደኛው «እናት፣ ድንጋይ አንመዘግብም» አላት። እኔ አልነበርኩም፤ ጥናቴን እያስጠረዝኩ ነበር። ከፍተኛ ውጤት አገኘሁበት።

እናቴ ከዚያ ወዲህ ቤት ነው የምትውለው። ጎረቤቷ አልፎ አልፎ ትጠይቃታለች፣ ኮረሪማ ይዛላት ትመጣለች፣ በጉራጊኛ ያወራሉ፤ እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። እናቴ ስለ መደቡ አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም። እጇን ግን አሁን ከእኔም ትደብቃለች። ሻይ ሳቀብላት ነጠላዋን ደርባ ነው የምትቀበለኝ።

እኔ እዚያው ትምህርት ቤት መምህር ሆኜ ቀረሁ። የማስተምረው ሥራን ለሚያግዙ መሣሪያዎች የተሰጠውን ክፍለ ጊዜ ነው፤ በየዓመቱም ያቺን ፎቶ ግድግዳው ላይ አበራታለሁ። ተማሪዎቹ ጭልፋውን ያያሉ፣ ማሰሪያውን ያያሉ፣ ከዚያ የእናቴን ዓይን ያያሉ። «በደስታ እያለቀሰች ነው» ይላሉ። አርሜያቸው አላውቅም። እኔ የማየው ጥጉን ነው፤ በፎቶው ቀኝ ጠርዝ የጎረቤቷ ጆንያ ድንጋዩን ተሻግሮ ገብቷል።

አንድ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች። ደፋር አይደለችም፣ ድምጿ አይሰማም። «መምህር» አለች፣ «ይቅርታ፣ ስፍሩስ እሺ። ምራቂውን በምን ትሰጣቸዋለች?»

ሁሉም የገበያ ልጅ ነው፣ ሁሉም መልሱን ይጠብቃል። ያቺን ልጅ በዚያች ደቂቃ ከእናቴ ጎረቤት አስበልጬ ጠላኋት።

«እሱ ፈተና ላይ አይመጣም» አልኳት፤ ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፍኩ።